የጠባይ ለውጥ በአንጎል ምስል ላይ ይታያል ወይ?

ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው አንድ የ54 ዓመት የደሴ ነጋዴ እናስብ። ቁጥብ ሰው ነው። ዕድር አያስታጉልም፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ ይደርሳል፣ ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። ከዚያ ቀስ በቀስ ነገሩ ይለወጣል። ለቅሶ ላይ ተቀምጦ ይቀልዳል። መንገድ ላይ ያገኘውን የማያውቀውን ሰው "ሆድህ እኮ ወጣ" ብሎት ያልፋል። ዕቁብ ሲደርሰው ብሩን በሁለት ቀን የማይረባ ዕቃ ገዝቶበት ይጨርሰዋል። ጣፋጭ ነገር የማይወደው ሰውዬ አሁን ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። ሚስቱ ታማ ተኝታ "ምሳ የለም እንዴ?" ብሎ ጥሏት ይወጣል። ሊጎዳት ፈልጎ አይደለም። ሕመሟ ምንም አልመሰለውም።

የሚገርመው ማስታወሱ ደህና ነው። ማን ስንት ዕዳ እንዳለበት ከነቀኑ ይነግራችኋል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል፣ መንገድ አይጠፋውም።

ቤተሰቡ ታዲያ ምን ይበል? አንዱ "ሌላ ሴት ይዟል" ይላል። ሌላው "መተት ነው" ይላል። አንዱ ጠበል ይወስደዋል፣ ሌላው ሩቅያ ያስቀራለታል። የወሎ ቤት ነውና ሁለቱም በአንድ ሳምንት ሊሆኑ ይችላሉ። ጓደኞቹ "ጫቱን ቀንስ" ይሉታል። "የመርሳት በሽታ ነው" የሚል ግን አይገኝም። ምኑን ረሳና!

እንዲህ ያለ ለውጥ ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ድባቴ አለ፣ ባይፖላር አለ፣ መጠጥ አለ፣ የታይሮይድ ችግር አለ። ከእነዚህ መሃል ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በሽታም አለ፤ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ይባላል። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዚህ በኋላ ኤፍቲዲ እያልኩ ልቀጥል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው፤ ሰው ገና ሠርቶ ቤት በሚያስተዳድርበት ጊዜ ማለት ነው። በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የተዋናይ ብሩስ ዊሊስ ቤተሰቦች በሽታው እንደያዘው ይፋ ሲያደርጉ ብዙ ሰው ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

ወሬው እዚህ ሲደርስ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ታዲያ አንጎሉን ተነስቶ አይታይም?" ይታያል። ግን ምስሉ የሚነግረንና የማይነግረን ነገር አለ። ገንዘብ አውጥቶ፣ ሪፈር አጽፎ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ከመድረስ በፊት ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል።

ጉዳቱ የት ነው?

የአንጎል ክፍሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ አይሠሩም። ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው ፍሮንታል ሎብ ይባላል። ማቀድ፣ ራስን መግታት፣ "ይሄ ነውር ነው" ብሎ ምላስን መያዝ የእሱ ሥራ ነው። በግራና በቀኝ፣ በጆሮ አቅጣጫ ያለው ደግሞ ቴምፖራል ሎብ ነው። የዚህ የፊተኛው ጫፍ ከቃላት ትርጉም፣ የሰውን ፊት ከመለየትና የሌላውን ስሜት ከመረዳት ጋር ይያያዛል። ኤፍቲዲ የሚጀምረው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። የነርቭ ሕዋሶች እዚያ ይሞታሉ፣ አንጎሉም እዚያ ላይ ይከሳል። ብዙ ሰው የመርሳት በሽታ ብሎ የሚያውቀው አልዛይመር ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው አዲስ ትዝታ ከሚቀረጽበት ከሂፖካምፐስ አካባቢ ነው። ስለዚህ የአልዛይመር ታማሚ ጠዋት የበላውን ሲረሳ፣ የእኛ ነጋዴ ዕዳውን ሁሉ አስታውሶ ይሉኝታውን ብቻ ያጣል።

ጉዳቱ የበረታበት ቦታ ሲለያይ ምልክቱም ይለያያል። አንዲት የኮምቦልቻ እናት ዕድሜዋን ሙሉ ቡና ስታፈላ ኖራ፣ "ረከቦቱን አምጪው" ስትባል "ረከቦት ምንድን ነው?" ብላ ብትጠይቅ ቤቱ ሊስቅ ይችላል። "ጆሮዋ ደከመ" ይባል ይሆናል። ግን ጆሮዋ ሰምቷል። ቃሉም ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ አልጠፋባትም። የጠፋው ትርጉሙ ነው። የዚህ ዓይነቱ ታማሚ አንጎል ሲነሳ የግራው ቴምፖራል ሎብ የፊተኛ ጫፍ ከስቶ ይታያል፤ ምስሉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በጣም ግልጽ ነው። ክሳቱ በቀኝ በኩል ከበረታ ደግሞ የቅርብ ሰውን ፊት መለየት ያስቸግራል፣ የሰው ስሜትም አይገባም። ሌላው ዓይነት ቃሉን እያወቀ ንግግሩ የሚቆራረጥበት፣ አፉ የማይታዘዝለት ሰው ነው። የእሱ ጉዳት በግራ በኩል፣ ፍሮንታል ሎብ ታችኛው ክፍል አካባቢ ነው።

ይህን የቦታና የምልክት ግንኙነት መጀመሪያ ያስተዋለው ሰው ምንም መሣሪያ አልነበረውም። አርኖልድ ፒክ ይባላል፣ ፕራግ ውስጥ ይሠራ የነበረ ሐኪም ነው። በ1892 ንግግሩ የተበላሸ አንድ ታማሚ ታሪክ ጻፈ። ሰውየው ከሞተ በኋላ አንጎሉ ሲታይ የግራው ቴምፖራል ሎብ ከስቶ ተገኘ። በሽታው ለረጅም ጊዜ የፒክ በሽታ ሲባል የኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ያኔ አንጎልን ቁልጭ አድርጎ ለማየት ሰውየው መሞት ነበረበት። ይህ የተለወጠው በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያዋ ታማሚ ሲቲ ስካን ስትነሳ ነው።

ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ

ሲቲ ስካን ያው ራጅ ነው፤ ጨረሩ በጭንቅላት ዙሪያ እየዞረ ያነሳና ኮምፒውተር ሥዕሉን በስስ በስሱ ቆርጦ ያወጣዋል። በደቂቃዎች ያልቃል። ከኤምአርአይ ይረክሳል፣ በክልል ከተሞችም በቀላሉ ይገኛል። ኤፍቲዲው ከገፋ የፊተኛው አንጎል መክሳቱ በሲቲም ይታያል። ገና ጅምር ላይ ከሆነ ግን ሊያመልጠው ይችላል።

በእኔ ግምት ደሴ ላይ የሲቲ ስካን ትልቁ ጥቅም ኤፍቲዲን ማግኘቱ አይደለም። ሌላውን ማግኘቱ ነው። ሰው ወድቆ ወይም ተመትቶ ከሳምንታት በኋላ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሃል ቀስ እያለ ደም ሊጠራቀምበት ይችላል። ፍሮንታል ሎብን የሚጫን ዕጢ ሊያድግበት ይችላል። በአንጎል ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ሦስቱም ጠባይን ይለውጣሉ፣ ሦስቱም በቀዶ ጥገና የመታከም ዕድል አላቸው። ኤፍቲዲ እስካሁን የሚያድን ወይም የሚያዘገይ መድኃኒት የለውም። እንግዲህ ምስሉ ላይ "ሌላ ነገር" ቢገኝ ቤተሰቡ ዕድለኛ ነው ማለት ነው። በዚሁ መሃል የደም ምርመራም አይዘለል። ታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ቂጥኝና ኤችአይቪ ሁሉም አንጎል ላይ ሊደርሱ የሚችሉ፣ ሁሉም ሕክምና ያላቸው ነገሮች ናቸው፤ ምርመራቸውም ከየትኛውም ስካን ይረክሳል።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። የሚሠራው በማግኔት ነው። ሆስፒታሎች ውስጥ የተለመዱት 1.5 ወይም 3 ቴስላ ጉልበት ያላቸው ናቸው። 1.5 ቴስላ ማለት ከመሬት ማግኔት 30 ሺህ ጊዜ ገደማ የሚበረታ ነው። ማሽኑ በሰውነታችን ውኃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በሬዲዮ ሞገድ ይቀሰቅሰዋል፣ ከዚያ የሚመለሰውን ምልክት ሰብስቦ ሥዕል ያደርገዋል። የአንጎል ግራጫና ነጭ ክፍል ከሲቲ በተሻለ ይለያል። ሐኪሙ እዚህ ላይ የሚያየው የፊተኛው አንጎል እጥፋቶች ምን ያህል እንደሳሱ፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ምን ያህል እንደሰፋ፣ የቴምፖራል ሎብ ጫፍ እንዴት እንደሆነ፣ ግራና ቀኙ እኩል መሆን አለመሆናቸውን ነው። በኤፍቲዲ አንዱ ጎን ከሌላው ብሶ መክሳቱ የተለመደ ነው። "ሂፖካምፐሱ ከስቷል፣ ስለዚህ አልዛይመር ነው" ብሎ መቸኮል ግን አያዋጣም። በአንዳንድ የኤፍቲዲ ዓይነቶችም እሱ ይከሳል።

ለወሎ ሰው ለብቻው ልናገረው የምፈልገው ነገር አለ። በጦርነቱ ጊዜም ሆነ ከዚያ በፊት ሰውነቱ ውስጥ የጥይት ወይም የከባድ መሣሪያ ፍንጣሪ የቀረበት ሰው ብዙ ነው። ፍንጣሪው ብረት ከሆነ ያ ሁሉ ማግኔት ሊያንቀሳቅሰው ይችላል፤ በተለይ ዓይን አጠገብ ከሆነ አደጋው ከባድ ነው። የልብ ምት መቆጣጠሪያም እንደዚሁ ነው። ማሽኑ ክፍል ከመግባት በፊት ባለሙያው ይጠይቃል። ችግሩ ኤፍቲዲ ያለበት ሰው "የለብኝም" ብሎ ሊያልፈው መቻሉ ነው። መልሱን ከቤተሰብ የሚያውቅ ሰው ይስጥ። ጠባሳው ቢድንም፣ ዘመኑ ቢርቅም ይነገር። ከተጠራጠራችሁ መጀመሪያ ራጅ ይነሳና ይታያል።

ሌላው ችግር ዝም ብሎ መተኛት ነው። ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ከ20 እስከ 40 ደቂቃ ይፈጃል፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ጭንቅላት ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይበላሻል። መቁነጥነጥ የበሽታው ምልክት ለሆነበት ሰው ይሄ ትልቅ ፈተና ነው። "አብሽር" ብቻ አይበቃም። ቀድሞ ለባለሙያው መንገር፣ አንዳንዴም ሐኪም ያዘዘው ማረጋጊያ ያስፈልጋል።

ስኳርና መንገድ

ሲቲና ኤምአርአይ የሚያሳዩት የአንጎሉን ቅርጽ ነው። ፔት ስካን ሥራውን ያሳያል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ከጉልበታችን 20 ከመቶ ገደማውን ይበላል፤ የሚበላውም በዋናነት ስኳር ነው። በፔት ምርመራ ኤፍዲጂ የሚባል፣ ጨረር የሚሰጥ ስኳር መሰል ነገር በደም ሥር ይሰጣል። ሥራ ላይ ያለ የአንጎል ክፍል ይስበዋል፣ የደከመው ብዙም አይስበውም። በኤፍቲዲ የፊተኛው ክፍል ደክሞ ይታያል። በአልዛይመር የኋለኛውና የጎኑ ክፍል ነው የሚደክመው። ሕዋሱ ከመሞቱ በፊት ሥራ ስለሚቀንስ፣ ኤምአርአዩ ንጹሕ ሆኖ ፔቱ ድካሙን የሚያሳይበት ጊዜ አለ። በ2004 የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ሜዲኬር ለዚህ ምርመራ ልከፍል ሲል፣ የፈቀደው በትክክል ይሄንኑ ኤፍቲዲንና አልዛይመርን የመለየት ሥራ ነበር።

ታዲያ ለምን በየከተማው አይኖርም? ኤፍዲጂ ውስጥ ያለው ጨረር ሰጪው ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። ሳይክሎትሮን በሚባል ማሽን ተሠርቶ በሰዓታት ውስጥ ታማሚው ክንድ ላይ መድረስ አለበት። መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ለእኔ በጣም የሚመስጠኝ ክፍል ነው። የአንጎል ክፍሎች ለየብቻቸው አይሠሩም፣ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሰው ምንም ሳያደርግ ኤምአርአይ ውስጥ ተኝቶ እያለ የትኛው ቦታ ከየትኛው ጋር አብሮ ከፍ ዝቅ እንደሚል መለካት ይቻላል። ሐረጎ ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ቢዘጋ ደሴም በቦታዋ አለች፣ ኮምቦልቻም በቦታዋ አለች፤ የሁለቱን ከተማ ፎቶ ብታነሱ ምንም የጎደለ ነገር አታዩም። የቆመው መመላለሱ ነው። ተመራማሪዎች የሚለኩት እንዲህ ያለውን ነገር ነው። ከፍሮንታል ሎብ ውስጠኛ ክፍልና ኢንሱላ ከሚባለው ቦታ ተነስቶ የሚሠራ አንድ መረብ አለ። ከዙሪያችን ካለው ነገር ሁሉ "ይሄ አሁን ለእኔ ትርጉም አለው" ብሎ የሚመርጥልን እሱ ነው፤ የሚስት ማቃሰት፣ የልጅ ለቅሶ፣ የሰው ፊት መቀየር። ዊልያም ሲሊ የሚባል አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ2009 እንዳሳዩት፣ ጠባይ ለዋጩ ኤፍቲዲ (ነጋዴያችን ላይ ያየነው ዓይነት) የሚያጠቃው የአንጎል ክፍል ጤነኛ ሰው ላይ ካለው ከዚሁ መረብ ጋር ይገጥማል። ነጋዴያችን የሚስቱን ሕመም አይቶ ምንም ያልመሰለው ልቡ ስለደነደነ አይደለም። "ይሄ ጉዳይህ ነው" የሚለው ምልክት አልደረሰውም።

ይህንን ለአንድ ቤተሰብ ማስረዳት ከብዙ መድኃኒት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ሰው በክፋት የሚያደርገውንና በሕመም የሚያደርገውን እኩል አይቀየምም።

ምስሉ የማይናገረው

ኤፍቲዲ አንድ በሽታ አይደለም። ሕዋሱ ውስጥ የሚጠራቀመው ፕሮቲን ይለያያል። አንዳንዱ ላይ ታው ነው፣ አንዳንዱ ላይ በ2006 የታወቀው ቲዲፒ-43 ነው። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጠባይ፣ አንድ ዓይነት ኤምአርአይ ኖሯቸው ፕሮቲኑ ሊለያይ ይችላል። ወደፊት መድኃኒት ቢመጣ የሚመጣው ለፕሮቲኑ ነውና ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ቲዲፒ-43ን በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አንጥሮ የሚያሳይ ፔት እስካሁን በሕክምና ሥራ ላይ አልዋለም። አሚሎይድ የሚባለውን የአልዛይመር ፕሮቲን የሚያሳይ ፔት ግን አለ። እሱ ባዶ ሆኖ ሲወጣ ቢያንስ "አልዛይመር አይደለም" ለማለት ይረዳል።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ላይ ምስሉ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። "ኤምአርአዩ ንጹሕ ነው" ማለት "ምንም የለበትም" ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ጠባያቸው ልክ እንደ ኤፍቲዲ ሆኖ ምስላቸው ለዓመታት የማይለወጥ፣ ሕመሙም የማይገፋባቸው ሰዎች አሉ። ለዚህ ነው በ2011 የወጣው ዓለም አቀፍ መመዘኛ ጠባይ ለዋጩን ዓይነት በደረጃ የከፈለው። ምልክቱ ብቻ ካለ "ሊሆን ይችላል" ይባላል። ሰውየው ሥራና ኑሮው ላይ ግልጽ ድካም አሳይቶ ምስሉም ከደገፈው "ሳይሆን አይቀርም" ይባላል። "ነው" ብሎ ለመደምደም ግን የአንጎል ናሙና ወይም የታወቀ የዘር ለውጥ መገኘት አለበት። ምስል ከምስክሮቹ አንዱ ነው፤ ዋናው ምስክር አብሮት የሚኖረው ሰው ነው።

እዚህ ላይ የሪፖርት ነገር። ወረቀቱ ላይ "አንጎሉ ከስቷል" የሚል ቃል ሲያነቡ ብዙ ቤተሰቦች ይደነግጣሉ። የሁላችንም አንጎል በዕድሜ ይከሳል። መጠየቅ ያለበት "የት? ከዕድሜው በላይ ነው ወይ? ግራና ቀኙስ እኩል ነው?" የሚለው ነው። ምስሉን የሚያነበው ባለሙያም የሚፈልገውን ካላወቀ ሊያልፈው ይችላል። የማዘዣ ወረቀቱ ላይ "ራስ ምታት" ብቻ ተጽፎ ከሄደና "ከሁለት ዓመት ወዲህ ጠባዩ ተለውጧል፣ ኤፍቲዲ ይጠረጠራል" ተብሎ ከሄደ የሚመጣው መልስ አንድ አይሆንም። ሐኪሙን "እባክዎ ይሄን ይጻፉልን" ማለት ነውር የለውም። ሪፈር ስትሄዱ ደግሞ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ወይም ፊልሙን ይዛችሁ ሂዱ። ታማሚው ሐኪም ፊት ለ10 ደቂቃ ጨዋ ሆኖ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ መቼ ምን እንደጀመረ በቀን በቀኑ ጽፋችሁ ያዙ።

በሽታውን ለይቶ ማወቁ ምን ይጠቅማል፣ መድኃኒት ከሌለው? አንደኛ፣ ለአልዛይመር የሚሰጠው ዶኔፔዚል ለኤፍቲዲ አይጠቅምም፤ አንዳንዱን እንዲያውም ያስቆጣዋል። አንዳንድ የድባቴ መድኃኒቶች ግን ያልተገራውን ጠባይ ሊያበርዱ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ሱቁንና የባንክ ደብተሩን በጊዜ ሌላ ሰው ይረከባል። እጁ እየሰለለ ወይም ምግብ እያነቀው ከመጣም ቶሎ መታየት አለበት፤ ጥቂት ታማሚዎች ላይ ጡንቻን የሚያደክም ሌላ የነርቭ በሽታ አብሮ ይመጣል።

ልጆቹ መጠየቃቸው አይቀርም፤ "እኛስ እንነሳ?" ከታማሚዎቹ የተወሰኑት ላይ በሽታው በዘር የሚተላለፍ ነው። ዋናዎቹ ሦስት ጂኖች በ1998፣ በ2006 እና በ2011 ታውቀዋል። አውሮፓና ካናዳ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን የሚከታተለው ጄንፊ የተባለ ጥናት በ2015 ያወጣው ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጧል፤ ጂኑን የተሸከሙት ሰዎች አንጎል ምልክቱ ይጀምራል ተብሎ ከሚጠበቅበት ጊዜ 10 ዓመት ቀድሞ ለውጥ ያሳያል። ይህ ግን የተገኘው የብዙ ሰዎችን ምስል ደምሮ፣ በኮምፒውተር አማካይ አውጥቶ፣ ከብዙ ጤነኞች ጋር በማወዳደር ነው። የአንድ ጤነኛ የ30 ዓመት ልጅ ኤምአርአይ ላይ ያንን ለውጥ ለይቶ "አንተ ትታመማለህ" ማለት የሚችል ባለሙያ የለም። ምልክት የሌለው ልጅ ለዚህ ብሎ ቢነሳ ብሩን ከመክፈል ውጭ የሚያገኘው መልስ አይኖርም። በቤተሰቡ ውስጥ ሌሎችም በወጣትነታቸው እንዲህ የሆኑ ሰዎች ካሉ ጥያቄው የዘር ምርመራ ጥያቄ ነው፤ እሱም ከሐኪም ጋር በደንብ ተመካክሮ፣ ውጤቱን ማወቅ እንፈልጋለን ወይ የሚለው ቤት ውስጥ ከተወሰነ በኋላ የሚገባበት ነው።